የተጨመረው ሚሞሪ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እትዬ ቆልፌ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት ከራሷ አፍ ነው። ጎረቤት ለሻይ ቢጠራት፣ አትክልት ሻጩ በበሯ ቢያልፍ፣ የት ጋ እሳት ተነሳ ተብሎ ቢጮህ እንኳ መልሷ ያው አንድ ነው፤ «ቆልፌ ልምጣ።» ከዚያ ቁልፎቿ ሲንሿሹ ይሰማል። አንድ በር፣ ሌላ በር፣ ደግሞ አንድ መሳቢያ። እሷ ብቅ እስክትል ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ አትክልት ሻጩም መንገዱን ጨርሶ ይታጠፋል።

ስሙን ታውቀዋለች፤ አልተከፋችበትም። እንዲያውም አንድ ቀን ባሏ እንደ ቀልድ በስሙ ቢጠራት «ታዲያ ካልቆለፍኩ በምን ላድር ነው?» ብላው ሥራዋን ቀጠለች።

ኑሮዋ ጥልፍ ነው። ድሮ በእጇ ትጠልፍ ነበር፤ አሁን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ዲዛይኑን ትሠራለች። እያንዳንዷን ስፌት፣ የክሩን ቀለም፣ መርፌው ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ አንድ በአንድ ታስቀምጣለች። ከዚያ ወደ ጥልፍ ማሽኑ ታስተላልፈዋለች፤ ማሽኑም እየተንጣጣ ይጠልፈዋል። የትምህርት ቤት አርማ፣ የሆቴል ፎጣ፣ የኳስ ቡድን ማልያ፣ የሕፃን ብርድ ልብስ፣ ምን ቅጡ። የሥራ ክፍሏ ከመኖሪያ ቤቷ ጋር የተያያዘች፣ መስኮቷ ወደ መንገድ የሚያይ ጠባብ ክፍል ናት። በአንድ በኩል ማሽኑ፣ በሌላው በኩል የክር መደርደሪያው፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጨርቅ ለብሶ የሚያድረው ኮምፒውተር። ጨርቁን ራሷ ናት የጠለፈችው። ሌላ ሰው አያነሳውም።

እናቷ ስትሞት ገና ልጅ ስለነበረች አክስቷ ቤት ነው ያደገችው። አክስቷ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግን የስኳሩን ጣሳ በእርሳስ ምልክት የምታደርግ ሴት ነበረች። ስኳሩ ከምልክቱ ዝቅ ያለ እንደሆነ የሚጠሩት የቤቱ ልጆች አይደሉም፤ እሷ ናት። ቆማ ትጠየቃለች። አፏን አሽትተዋት ያውቃሉ። ስታድግ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ተሻርካ የጥልፍ ሱቅ ከፈተች። ሸሪኳ ሳቂታ፣ ደንበኛ የምትወድ፣ ደንበኛም የሚወዳት ሴት ነበረች። ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ሸሪኳ ሳትመጣ ቀረች፤ ሳምንት ሳይሞላም ከመንገዱ ማዶ የራሷን ሱቅ ከፍታ፣ እትዬ ቆልፌ ዓይኗ እስኪቀላ የሠራቻቸውን ዲዛይኖች መስታወቱ ላይ ደርድራ ተገኘች። የክሩን ቀለም እንኳ አልቀየረችም። ከዚያ ወዲህ እትዬ ቆልፌ ሰው ስታይ ፊቱን ከማየቷ በፊት እጁን ታያለች።

እንዲህም ሆና ግን አንዲት ሠራተኛ ነበረቻት። ቁመቷ ረዘም ያለ ስለሆነ ሎጋዋ ይሏታል። ሎጋዋ ማሽኑን ታንቀሳቅሳለች፣ የተጠለፈውን ትቆርጣለች፣ የተንጠለጠለ ክር ታጠራለች። ባሏ ሞቶባት ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ቃል ሲበዛባት የሚደክማት ዓይነት ሴት ናት። ብዙ ዓመት አብረው ሠርተዋል። እትዬ ቆልፌ በሆዷ «እሷስ ደህና ናት» ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ «እስካሁን» ብላ ትጨምርበታለች።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው። የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት የዩኒፎርም አርማ በእጇ ነበር፤ ገና ግማሹ እንኳ አልተጠለፈም። ባሏ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነውና ሳይነጋ ተነስቶ ሄዷል። በሩን ከፈተች፣ ጨርቁን አነሳች፣ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ተጫነች። ማራገቢያው ተንሾካሾከ። ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ መብራት በራች። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ትንሽ ጠበቀች። «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ብቅ ብሎ ተንሳፈፈና እሱም ጠፋ።

አጥፍታ አበራችው። ያው ነው። ከማከፋፈያው ላይ ነቅላ መልሳ ሰካችው። ያው ነው። የኬብሉን ጫፍ ገፋ ገፋ አደረገችው፤ ስክሪኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ጠብ የሚል ነገር የለም። ዲዛይኖቿ በሙሉ፣ የስንት ዓመት ልፋቷ፣ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ቀጥሎ የመጣባት ሐሳብ ግን «ምን ሆነ?» የሚል አልነበረም፤ «ማን ነካው?» የሚል ነበር።

ይህን ስታስብ ሎጋዋ ገባች። ጥቁሩን ስክሪን፣ የእትዬን ፊት አየት አደረገችና «ምን ሆነ? ቅዳሜ እኮ ደህና ነበር» አለች።

እትዬ ቆልፌ ቀና ብላ አየቻት። ሳልጠይቃት ስለ ቅዳሜ ምን አናገራት? ሰው ያልተጠየቀውን የሚመልሰው መልሱን ሲያዘጋጅ ካደረ ነው። ይህን በሆዷ ያዘችና «ነጭ ክር ሊያልቅብን ነው። ወርደሽ ግዢ፤ ሌሎቹም ሱቆች ጋ አማርጪ፣ አትቸኩዪ» አለቻት።

መደርደሪያው ላይ ነጭ ክር ሞልቷል። ሎጋዋ ወደ መደርደሪያው አየች፣ ወደ እትዬም አየች፣ ወጣች።

ጠጋኙ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለ፣ የታወቀ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ስትደውልለት «ያምጡት፣ አየዋለሁ» አላት።

«አላመጣም፤ አንተ ና።»

«እትዬ፣ ሱቅ ውስጥ መሞከሪያ ዕቃ አለኝ እኮ።»

«መሞከሪያህን ይዘህ ና። እኔ ከዓይኔ አላርቀውም።»

ወሬው ደርሷት ነበር። ሰው ኮምፒውተሩን ለጥገና ሰጥቶ ሲቀበል ውስጡ ያለው ዕቃ በአሮጌ ተቀይሮ ይጠብቀዋል ይባላል። ስለዚህ ጠጋኙ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲደርስ እሷ ቀይ የጥፍር ቀለም ይዛ ቆማ ነበር።

«ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» አላት።

«ከምትፈታው ዕቃ ሁሉ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ስትገጥም የእኔው መሆኑን እንዳውቅ።»

ጠጋኙ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ሲጨርሱ እኔንም ይቀቡኝ፤ በሌላ ጠጋኝ እንዳልቀየር።»

እሷ አልሳቀችም። ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠች።

ሰውየው አልቸኮለም። መጀመሪያ ስክሪኑን ራሱን ፈተነ። ኬብሉን ነቅሎ ብቻውን አበራው፤ «ሲግናል የለም» አለ። «ይሄ ጤነኛ ነው። ሰው ያናግረኝ እያለ ነው» አላት። ቀጥሎ የራሱን ኬብል አውጥቶ በእሷው ቦታ ሰካ። አሁንም ጥቁር። «ኬብሉም ከደሙ ንጹሕ ነው።» ከዚያ ኪቦርዱ ላይ ያለችውን «ነም ሎክ» የምትባል ቁልፍ ደጋግሞ ተጫነ፤ ልትበራና ልትጠፋ የሚገባት ትንሽ መብራት ድርግም እንዳለች ቀረች።

«አየሽ... አዩ፣ እትዬ፣ ማራገቢያው ይዞራል እንጂ ኮምፒውተሩ አልነቃም። ዓይኑን ገልጦ የተኛ ሰው ይበሉት። እንግዲህ ሳጥኑን መክፈት ነው።»

ሳጥኑን በጎኑ አስተኛና ካቻቪቴውን አወጣ። የመጀመሪያዋን ብሎን ነካት። ካቻቪቴው ሳያስፈልገው በጣቱ ዞራ ወጣች። ሁለተኛዋም እንደዚሁ። ቆም አለ።

«ከእኔ በፊት ማን ከፍቶት ነበር?»

«ከተገዛ ጀምሮ የከፈተው የለም።»

«የለም፣ ተከፍቷል። ብሎን እንዲህ አድርጎ የሚያስር ባለሙያ የለም፤ በጣት ነው የታሰረው።» ጎኑን ገልጦ በባትሪ ውስጡን አበራ። የስንት ጊዜ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተጋድሟል፤ መሐሉ ላይ ግን ጣት የሄደበት መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ይኸውልዎ።»

እትዬ ቆልፌ የጣቶቹን ምልክት አይታ ከወንበሯ ተነሳች። በራሷ ክፍል፣ በተቆለፈ በር ውስጥ፣ ሰው ገብቶ ሳጥኗን ከፍቷል። «ምን ጎደለ? ቶሎ በል፣ ምን ወሰዱብኝ?»

ጠጋኙ አንድ በአንድ አየ። «ሃርድ ዲስኩ አለ። ሁሉም አለ።» ከዚያ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እንዲያውም ተርፏል።»

«ምን ማለት ነው ተርፏል?»

«ሚሞሪዎ ሁለት ነው። አንዱ አቧራ የለበሰ አሮጌ ነው። ይሄኛው ግን ንጹሕ፣ ሰሞኑን የገባ ነው። እርስዎ አስጨምረው ነበር?»

«እኔ ምን በወጣኝ። እኔ አንድ ነው ያለኝ።»

ሰውየው ንጹሑን ነቅሎ ሲያየው የሌላ ዓይነት ሆኖ አገኘው። ከአሮጌው ጋር አይስማማም፤ ደግሞም በትክክል ተጭኖ አልገባም፤ አንድ ጫፉ ተንጋድዷል። ሲያስገቡት ከጎኑ ያለውንም ነቅንቀውታል። አሮጌውንም አወጣና የመዳብ ጥርሶቹን በላጲስ በቀስታ ፈተገ፣ እፍ አለበት፣ ቀጥ ብሎ ቀጭ እስኪል ድረስ መልሶ ተጫነው። እትዬ ቆልፌ ሳትረሳ ቀይ ነጥብ አደረገችበት። ቁልፉን ሲጫን ኮምፒውተሩ አንዲት አጭር ጢጥ አሰማ፤ ስክሪኑም በራ። ዲዛይኖቿ ሁሉ እንዳሉ ናቸው። የትምህርት ቤቱ አርማ እንኳ ቅዳሜ ካቆመችበት ቦታ አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ጊዜ ተመስገን ብሎ ያርፋል። እሷ ግን ባሰባት። የጎደለ ነገር ቢኖር ኖሮ መንገዱን ታውቀዋለች፤ ማን ወሰደው፣ ለማን ሸጠው ብላ ታወጣና ታወርዳለች። ዕድሜ ልኳን የጎደለ ስትፈልግ ኖራለች። ጨምሮ የሚሄድ ሌባ ግን ሰምታም አታውቅ። ማንም ሰው በነጻ ምንም ነገር አይሰጥም፤ ስለዚህ ይህ ዕቃ ሥራ አለው ማለት ነው።

«ይሄ ነገር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ውስጥ ያለውን እየገለበጠ ለሌላ ሰው የሚያቀብል አይደለም?»

«አይ እትዬ። ይሄ ምንም አይዝም። መብራት ሲጠፋ ያየውን ሁሉ ይረሳል።»

«ስሙ ሚሞሪ አይደል እንዴ?»

«ነው።»

«የሚረሳ ነገር ለምን ሚሞሪ ተባለ?»

ጠጋኙ ዕቃውን እየሰበሰበ «ምናልባት ሊያግዝዎ ያሰበ ሰው ይሆናል። ይሄ ሲጨመር እኮ ኮምፒውተር ይፈጥናል» አላት። እሷ ይህን ጠጋኝ ለጠጋኝ የሚሸፋፈንበት ወሬ አድርጋ ወሰደችው። ከሄደ በኋላ ሚሞሪውን በመሐረብ ጠቅልላ ጡቷ ውስጥ ከተተችው።

ባሏን አልጠረጠረችውም። እሱ የስልኩን ቻርጀር ገልብጦ የሚሰካ ሰው ነው። ቢሆንም ደወለችለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። መሪ ይዞ ስልክ አያነሳም፣ ልማዱ ነው። የቀረው ማን ነው? የማዶዋ ሸሪኳ የእህት ልጅ ሰሞኑን ዋጋ ልጠይቅ ብላ መጥታ ክፍሉን ስትገላምጥ ነበር። ያቺን ያስገባቻት ማን ነበር? ሎጋዋ። ቅዳሜ ኮምፒውተሩ ደህና ነበር ያለችውስ? ሎጋዋ። የትርፍ ቁልፉን ቦታ፣ የጨው ዕቃው ውስጥ መሆኑን፣ ማን ያውቃል? እሷ ማንም አያውቅም ብላ ነው የምታምነው፤ ግን ብዙ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ የዋለ ሰው ምን የማያውቀው አለ። አንዱ ክር አንዱን እየሳበ ተያያዘላት። ሎጋዋ ነጩን ክር ይዛ ስትመለስ በእትዬ ቆልፌ ሆድ ፍርዱ አልቆ ነበር።

«ይሄን ታውቂዋለሽ?» አለች መሐረቡን ፈትታ።

ሎጋዋ ጎንበስ ብላ አየችው። «ምንድን ነው?»

«የምጠይቀው እኔ ነኝ።»

«አላውቀውም።»

«ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው የተገኘው። ቅዳሜ መጨረሻ ላይ እዚህ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

«አብረን እኮ ነው የወጣነው፣ እትዬ። ዝናብ ነበር። አንቺ ስትቆልፊ ጃንጥላ ይዤልሽ ቆሜ ነበር።»

እትዬ ቆልፌ ይህን አስታወሰች። ቢሆንም አፏ ከእሷ ቀድሞ ሄደ። «ቦርሳሽን ክፈቺ።»

ክፍሉ ውስጥ ማሽኑ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሎጋዋ ሄዳ ማሽኑን አጠፋች። ተመልሳ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ያለውን አንድ በአንድ አወጣች። ማበጠሪያ። ለጫማ ሰፊ የምታደርሰው የልጇ አንድ ጫማ። በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ። የተሰነጠቀ ስልክ። ከዚያ አንድ ጫፍ የቀረው የሰማያዊ ክር ጥቅል ወጣ፤ የእትዬ ቆልፌ ዓይን እዚያ ላይ ተተከለ።

«የልጄን ሹራብ ጠግኚበት ብለሽ የሰጠሽኝ ነው» አለች ሎጋዋ። «ትዝ ካላለሽ መልሼ ላስቀምጠው።»

ትዝ አላት። «ተይው» አለች። ሎጋዋ ዕቃዋን ወደ ቦርሳው መለሰች፤ ክሩን ግን መደርደሪያው ላይ፣ ከሰማያዊዎቹ ጎን አስቀመጠችው። ሽርጧን ፈትታ አጠፈች፣ ወንበሩ ላይ አኖረች፣ «ደህና ዋዪ» ብላ ወጣች። በሩን አላላተመችውም። ብታላትመው ይሻል ነበር።

ያን ቀንና ማግሥቱን እትዬ ቆልፌ ብቻዋን ሠራች። ክር ስትቆርጥ ማሽኑ ይቆማል፣ ማሽኑን ስታስነሳ ቆረጣው ይከመራል። በመሐል በመሐል ሚሞሪውን አውጥታ ታገላብጠዋለች። እንደዚህ ሸሽታ የሄደችው ጥፋተኛ ብትሆን ነው ትላለች። ጥፋተኛ ብትሆንማ ኖሮ ትጮህ ነበር ትላለች ደግሞ። ክሩን የተወችው ለምንድን ነው? ያ ሰማያዊ ክር ከመደርደሪያው ላይ ሆኖ የሚያያት ይመስላት ጀመር፤ ተነስታ ከሌሎቹ ጀርባ አደረገችው።

ማክሰኞ ወደ አመሻሹ ላይ ባሏ መጣ። ሌላ ጊዜ ገና በሩ ላይ ሆኖ «ምን የሚበላ አለ?» የሚል ሰው፣ ዛሬ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ የሥራ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆመ። ስክሪኑ መብራቱን ሲያይ ትከሻው ወረደ።

«ኧረ በራልሽ» አለ።

እትዬ ቆልፌ ዘወር አለች። ይበራ አይበራ ማን ነገረው? ስልኩ እስካሁን ዝግ ነበር። መሐረቡን ከጡቷ አውጥታ ፊቱ ዘረጋችው። ሰውየው ሚሞሪውን አየ፤ ከዚያ እንደ ተማሪ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ እሷ የታመመች ጎረቤት ልትጠይቅ ሆስፒታል ሄዳ ነበር። እሱ ይህን ጊዜ ሲጠብቅ ነው የከረመው። ዲዛይን በከፈተች ቁጥር «ይሄ ኤሊ! አንድ አርማ ለመክፈት ሻይ አፍልቼ እጠጣለሁ» እያለች ስትማረር ሰምቷል። አሮጌ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሸጥበት ቦታ ሄዶ ችግሩን አስረዳ፤ ሻጩ ሚሞሪ ሰጥቶ አገባቡንም በአየር ላይ በእጁ አሳየው። ለሷ ቢነግራት አታስነካውም። ስለዚህ ከጨው ዕቃው ቁልፉን አወጣና ሠራው። ሲያበራው ጥቁር ሆነ። ነቅሎ እንዳይመልስ የባሰ አበላሻለሁ ብሎ ፈራ፤ እንዳለ ዘጋው።

«ስልክህንስ?»

«ያጠፋሁት ፈርቼ ነው።»

«የጨው ዕቃውን ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል፤ ሁልጊዜ ጨው ስጨምር ይንኳኳል እኮ።»

እትዬ ቆልፌ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ ግን ቁጣው አልመጣላትም። ከዚህ ይልቅ የታጠፈው ሽርጥ ላይ መቀመጧን አወቀችና ብድግ አለች። «ሎጋዋን አባረርኳት» አለች።

«ምን አድርጋ?»

«ምንም።» ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች። «ቦርሳዋን አስከፈትኳት።»

ባሏ ኮፍያውን ማሽከርከር አቆመ። «ልከተልሽ?» አላት። አያስፈልግም አለችው። ይህ የራሷ ሥራ ነው።

የሎጋዋ ቤት ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ደረጃው የዳቦ ሽታ ሞልቶታል። ሎጋዋ በሩን ስትከፍት አልደነገጠችም፤ «ግቢ» ብላ ወንበር ሰጠቻት። እሷ ግን ቆመች። መንገዱን ሁሉ ስታሰናዳው የመጣችው ንግግር ከአፏ ጠፋ።

«ባሌ ነው» አለች። «ኮምፒውተሩ ይፈጥንላታል ብሎ ያቺን ዕቃ የጨመረው እሱ ነው። አንቺን በከንቱ ነው ያስቀየምኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሎጋዋ የምትተኩሰውን ልብስ አስቀመጠች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባልሽ ባይናገር ኖሮ፣ ማን እንደሆነ እስካሁን ሳታውቂ ብትቀሪ፣ ዛሬ ትመጪ ነበር?»

እትዬ ቆልፌ አዎ ልትል ፈልጋ ነበር። «አልመጣም ነበር» አለች።

«እሱን ነው እኔም የማስበው።» ሎጋዋ ተናዳም አልነበረም፤ የደከማት ሰው ነበር የምትመስለው። «ማታ ከሥራ ስወጣ፣ በርሽ ላይ ቆሜ ሻርፔን የማራግፈው ለምን ይመስልሻል?»

«ብናኙን... የክሩን ብናኝ መስሎኝ።»

«ብናኝ ከሆነ መንገድ ላይ አራግፈዋለሁ። አንቺ እንድታዪ ነው። ምንም ይዤ እንዳልወጣሁ እንድታዪ። ስንት ዓመት ሙሉ።»

እትዬ ቆልፌ ሻርፑ ሲራገፍ ታይ ነበር፤ በየማታው። እያየችም ቀለል ይላት ነበር። ለምን እንደሚቀላት ራሷን ጠይቃ አታውቅም እንጂ። አሁን ደረጃው ላይ ወርዳ ብትጠፋ በወደደች፤ ይልቁንስ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ስለ ልጅነቷና ስለ አክስቷ ስኳር ጣሳ ለማንም አውርታ አታውቅም፤ ለዚህች ሴት አወራችላት። እንድታዝንላት አልነበረም። «እንዴት እንደሚያም አውቀዋለሁ ልልሽ ነው። እያወቅኩ ነው ያደረግኩብሽ» አለቻት።

ሎጋዋ ሰምታ ስትጨርስ ሻይ ቀዳችላት። «አርማውን ጀምሬዋለሁ፤ ጀምሬ የተውኩት ሥራ የለም። እጨርስልሻለሁ» አለች። «ከዚያ በኋላ ግን እሄዳለሁ። አንድ የዩኒፎርም ማምረቻ ሰው ይፈልጋል። ብዙ ሆነን የምንሠራበት ቦታ ነው፤ ማንም ማንንም የማያይበት።»

እትዬ ቆልፌ ልትለምናት አሰበች፤ መለመንም መብት ይፈልጋል ብላ ተወችው።

እንዳለችውም አደረገች። በማግሥቱ መጥታ ሽርጧን አጠለቀች፣ ማሽኑን አስነሳች። ባልየው ሥራ በሌለው ቀን እየገባ ክር ያጠራላቸው ነበር፤ ሁለቱም በየተራ እየተቆጡት። ጠጋኙ ከአሮጌው ጋር የሚስማማ ሚሞሪ አምጥቶ ገጠመ፤ በዚህ ጊዜ የጥፍር ቀለም ይዛ አልቆመችም፤ ከአጠገቡ ግን አልራቀችም። ኮምፒውተሩ ፈጠነ። አርማው በጊዜው ደረሰ። በመጨረሻው ቀን ማታ ሎጋዋ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች፤ ሻርፗን አንገቷ ላይ እንዳለ አስተካከለችና ሄደች። አሁን መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ይሳሳማሉ፣ ስለ ልጇ ትምህርት ያወራሉ። እንደ ድሮው ግን አይደለም፤ ሁለቱም ያውቁታል።

እትዬ ቆልፌ ያው ትቆልፋለች። ቁልፉም ከጨው ዕቃው ወጥቶ ሌላ ቦታ ገብቷል፤ ባሏ ቦታውን ላለማወቅ ይጠነቀቃል። አዲስ ሠራተኛ ለመቅጠር ብዙ ጊዜ ወሰደባት። አሁን ያለችው ባለ ብዙ ወሬ፣ ስትሠራ የምታንጎራጉር ሴት ናት። የእትዬ ሆድ ዛሬም ያው ሆድ ነው፤ ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሰው ነው። አንድ ነገር ግን ለመደች፤ የጠረጠረችውን ሆዷ ውስጥ አታሳድርም፣ ፊት ለፊት ትጠይቃለች። ሰፈሩ ይህንንም መሳቂያ አድርጎታል።

በቀደም ዕለት ሥራ መሐል ቀና ብላ «ትንሿ መቀስ የለችም። አንቺ ወስደሻት ነው?» አለች።

ሠራተኛዋ ማንጎራጎሯን ሳታቋርጥ አየቻትና «እጅሽ ላይ ናት፣ እትዬ» አለቻት።

እትዬ ቆልፌ እጇን አየች። ነበረች። ክሩን ቆረጠችባት።